መምህሬ የተጠየቁበትን ጽሑፍ ምን ላድርገው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ሀዋሳ የሚኖሩ መምህርት ናቸው። ከስድስት ወር በፊት የአንድ የጥናት ጆርናል ዋና አርታኢ ሆነው ተመርጠዋል። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት አንድ ወጣት በኢሜይል ደብዳቤ ላከላቸው። ጆርናሉ ከሁለት ዓመት በፊት ያወጣው አንድ ጽሑፍ ከእርሱ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ የተወሰደ ነው ይላል። ብቸኛው ደራሲ የእርሱ አማካሪ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የልጁ ስም በደራሲነትም ሆነ በምስጋና ክፍሉ ውስጥ የለም። «አራት ወር ሙሉ ጎሕ ሳይቀድ አሞራ ገደል ወርጄ ቆሮሶና አምባዛ የመዘንሁት እኔ ነኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ደብዳቤው ውስጥ አለ፤ ጥናቱ በሀዋሳ ሐይቅ ዓሣዎች ላይ የተሠራ ነው። አማካሪው በሌላ ከተማ ጠያቂያችንንም ያስተማሩ፣ ብዙዎች የሚያከብሯቸው ምሁር ናቸው። የአርታኢ ቦርዱ አባላት ደግሞ «ሽማግሌ ይላክ፤ ጽሑፉም በጸጥታ ከድረ ገጹ ይነሣ፤ ነገሩ ይብረድ» ብለዋል። «መምህሬን ማዋረድ አልፈልግም፤ ልጁንም መበደል አልፈልግም። ክስ እንዳይመጣብንም እሰጋለሁ። ከየት ልጀምር?» ይላሉ።

እህቴ፣ ጽሑፉን ከድረ ገጹ በጸጥታ አያውርዱት። ከዚህ በታች ከምጽፈው ሁሉ አንዱንም ባይቀበሉ፣ ይህን ግን እንዲቀበሉኝ እለምንዎታለሁ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጆርናል ረዳት አርታኢ ሆኜ ሳገለግል ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል ቅሬታ መጣ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ነገሩ አልቆ ነበር። ደራሲው ይቅርታ ጠየቁ፣ ተበዳዩ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል እርሳቸው አንሥተው አቀፉት፣ እኛም በማግሥቱ ጽሑፉን ከድረ ገጹ አወረድነው። ለምን እንዳወረድነው አንድ መስመር እንኳ አልጻፍንም። በዕለቱ ጥሩ ሥራ የሠራን መስሎኝ በሰላም ተኛሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የዚያኑ ጽሑፍ የታተመ ቅጂ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ጥናቷን ያቆመችው በእርሱ ላይ ነው። «ድረ ገጹ ላይ ፈልጌ አጣሁት፤ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጽሑፉ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አለ፤ በሰዎች ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ በሌሎች ጥናቶች ዋቢ ዝርዝር ውስጥ አለ። የጠፋው እኛ ዘንድ ብቻ ነው። ያ የታቀፈው ልጅ ደግሞ ሥራው የእርሱ መሆኑ እስከ ዛሬ በየትም ቦታ አልተጻፈም። የተማሪዋ ፊት ዛሬም ድረስ ትዝ ይለኛል።

ሽምግልናን ማጣጣሌ አይደለም። የምንኖርበት አካባቢ ሰው ዕርቅ እንዴት እንደሚደረግ ከማናችንም በላይ ያውቃል። የሲዳማ አባቶች አፊኒ ብለው ለዕርቅ ሲቀመጡ የሚሹት ሃላሌን፣ እውነቱን ነው። ነገሩ በሸንጎ ፊት ተዘርግቶ ይነገራል፣ ይሰማል፤ ዕርቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቦርድዎ አባላት ያሰቡት ግን እውነቱን ሳይዘረጉ ወደ ዕርቁ መዝለል ነው። ደግሞም በጆርናል ጉዳይ ባለ ጉዳዮቹ ሁለት ሰዎች ብቻ አይደሉም። ጽሑፉን አንብቦ ያመነ፣ የጠቀሰ፣ ነገ የሚጠቅስ ሁሉ ባለ ጉዳይ ነው፤ እርሱ ደግሞ ለሽምግልናው አልተጠራም። እርስዎ የዚያ ያልተጠራ ሰው ጠበቃ ነዎት። መምህርዎና ልጁ መታረቅ ከፈለጉ ይታረቁ፣ ደስ ይበለን፤ የታተመው መዝገብ ግን በታተመበት አደባባይ መታረም አለበት።

ይህን ከያዙ የቀረውን ሸክም ግማሹን አወረዱ ማለት ነው፤ ምክንያቱም መምህርዎን መቅጣት የእርስዎ ሥራ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ1997 ጥቂት የእንግሊዝ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ተሰባስበው የመሠረቱትና ዛሬ በዓለም ዙሪያ አባላት ያሉት የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ በምኅጻሩ ኮፕ፣ እንዲህ ላለው ጉዳይ አርታኢን ደረጃ በደረጃ የሚመሩ የፍሰት ሠንጠረዦች አሉት። በነጻ ይገኛሉ፤ ጆርናልዎ አባል ባይሆንም ሊሠራባቸው ይችላል። የሠንጠረዦቹ መንፈስ እንዲህ ነው፦ ሰውን መመርመርና መቅጣት የቀጣሪው ተቋም ድርሻ ነው፤ የታተመውን ማረም የጆርናሉ ድርሻ ነው። ሁለቱን የሚቀላቅል አርታኢ ወይ ጨካኝ ይሆናል ወይ ይፈራል። አብዛኞቻችን የምንፈራው ደግሞ የእኛ ያልሆነውን ሥራ የእኛ አድርገን ስለምናስብ ነው።

አሁን ስለ እርስዎ ወንበር። እኚህ ሰው አስተምረውዎታል። ስለዚህ ጉዳዩን እርስዎ ባይመሩት ይሻላል። ፍትሐዊ ለመሆን ቢችሉ እንኳ ፍትሐዊ ነበሩ ተብሎ አይታመንም። ውሳኔው መምህርዎን የሚጎዳ ቢሆን «የጡት ነካሽ ሆነች» ይባላል፤ የሚጠቅም ቢሆን «ለመምህሯ አዳላች» ይባላል። በሁለቱም መንገድ ልጁ ይጎዳል። ለቦርዱ በጽሑፍ ያሳውቁ፦ ከደራሲው ጋር የመምህርና ተማሪ ግንኙነት ስለነበረኝ በዚህ ጉዳይ ውሳኔ አልሰጥም፤ ከቦርዱ አባላት ከሁለቱም ወገን ጋር ግንኙነት የሌለው ሰው ይመደብ። እንደዚህ ያለ ሰው በቦርዱ ውስጥ ከጠፋ፣ እንደኛ ባለው ጠባብ ሙያ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ጆርናል አርታኢ ይጋበዝ። የእርስዎ ድርሻ መዝገቡ ተከፍቶ በአግባቡ እንዲሄድ ማድረግ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ለሚመደበው ሰው ያስተላልፉለት።

ማስረጃው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንድንቆይ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጆርናል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የመጀመሪያው ስሕተት ጽሑፉን በተመሳሳይነት መመርመሪያ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብቶ የወጣውን መቶኛ እንደ ፍርድ መቀበል ነው። «ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ንጹሕ ነው» የሚል አነጋገር በየትምህርት ክፍሉ ይሰማል። ቁጥሩ ምን ያህል ቃላት እንደሚገጥሙ እንጂ ለምን እንደሚገጥሙ አይነግርም። 30 በመቶው የዋቢ ዝርዝርና የተለመደ የአሠራር ዘዴ ገለጻ ሊሆን ይችላል፤ 8 በመቶው ደግሞ የጥናቱ ልብ የሆነ አንድ የውጤት ክፍል ሊሆን ይችላል። ከዚያም በላይ ሶፍትዌሩ የሚያወዳድረው በመረጃ ቋቱ ውስጥ ካለው ጋር ብቻ ነው። የልጁ ጽሑፍ በወረቀት ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ብቻ ያለ ከሆነ ሶፍትዌሩ ዜሮ ሊል ይችላል።

ስለዚህ በእጅ ይሥሩት። የመመረቂያ ጽሑፉን ከልጁ እጅ ብቻ አይቀበሉ፤ ከተማረበት ተቋም ቤተ መጻሕፍት በይፋ የተመዘገበውን ቅጂ፣ የፈታኞች ፊርማና ቀን ካለበት ገጽ ጋር ያስመጡ። ይህ ልጁን መጠርጠር አይደለም፤ ነገ «በኋላ አስተካክሎ ያመጣው ነው» ቢባል የሚከላከልለት እርሱ ነው። ከዚያ ሁለቱን ጽሑፎች አትመው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ቃል በቃል የሚገጥመውን በአንድ ቀለም፣ ሐሳቡ ገጥሞ ቃሉ የተቀየረውን በሌላ ቀለም ያስምሩ። ከሁሉ በፊት ግን በሁለቱ ጽሑፎች ውስጥ ያሉትን የቁጥር ሠንጠረዦች ይመልከቱ።

ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚናገር ላሳይዎት። አንድ ጊዜ የመረመርሁት የቤት ለቤት ጥናት ነበር። ደራሲዋ «መረጃውን እኔ ራሴ በሌላ ጊዜ የሰበሰብሁት ነው፤ ቦታው አንድ ስለሆነ ነው የሚመሳሰለው» ብለው በጽሑፍ መልስ ሰጥተው ነበር። ሊሆን የሚችል መልስ ነው። በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ የአራት ቀበሌዎች ቤተሰቦች ቁጥር 58፣ 49፣ 61 እና 43 ተብሎ ድምሩ 212 ተጽፏል። ደምሩት፤ 211 ነው። ተማሪው ሲደምር አንድ ተሳስቷል። በታተመው ጽሑፍ ውስጥም አራቱ ቁጥሮች እነዚያው ናቸው፤ ድምሩም 212 ነው። መቶኛዎቹ ሁሉ ለ212 ተካፍለው የተሠሩ ናቸው። ሁለት ሰዎች በተለያየ ጊዜ በአንድ መንደር ውስጥ ተመሳሳይ ውጤት ሊያገኙ ይችሉ ይሆናል፤ በአንዲት የድምር ስሕተት ላይ ግን አይገናኙም። ያችን መስመር በእስክሪብቶ ሳከብባት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሰው ስም የተንጠለጠለባት መስመር ናትና። በእርስዎም ጉዳይ የዓሣዎቹን ክብደትና ርዝመት፣ የናሙናውን ብዛት፣ የጎደሉ ቀናትን፣ የፊደል ግድፈቶችን ሁሉ እንዲህ ያመሳክሩ። ልጁ መረጃ የጻፈበት የመስክ ደብተር ካለው ገጾቹን ፎቶ አንሥቶ ይላክ። በሐይቅ ዳር የተጻፈ ደብተር ውኃ የነካው፣ ቀን ያለበት፣ የእጅ ጽሑፍ ያለበት ስለሆነ ብዙ ይመሰክራል።

ማመሳከሩ ሲያልቅ የሆነውን ነገር በትክክለኛ ስሙ መጥራት ያስፈልጋል። ሁላችንም በጥቅሉ «ስርቆት» እያልን የምንጠራው ነገር ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። የልጁ ዐረፍተ ነገሮች እንዳሉ ተገልብጠው ከሆነ የጽሑፍ ቅጂ ነው። ጽሑፉ አዲስ ሆኖ መረጃው የልጁ ከሆነ ያለ ፈቃድ መረጃ መጠቀም ነው። ሁለቱ በጋራ የሠሩት ሥራ ሆኖ የአንዱ ስም ከቀረ ደግሞ የደራሲነት ጥያቄ ነው። የኮፕ መመሪያ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጽሑፍ ለመሻር፣ ማለትም ተቀባይነት እንደሌለው በይፋ ለማስታወቅ፣ በቂ ምክንያት ያደርጋቸዋል። ሦስተኛው ብቻውን ከሆነና የጥናቱ ውጤት የማያጠራጥር ከሆነ ግን ጽሑፉን መሻር ብዙውን ጊዜ ተገቢ አይደለም ይላል፤ መንገዱ የደራሲዎችን ዝርዝር ማረም ነው። ለምን ቢሉ፣ እውነተኛ ጥናት ከተሻረ የልጁም ልፋት አብሮ ይሻራል።

መምህርዎ ምናልባት «ልጁ መረጃ ሰበሰበ እንጂ ጽሑፉን አልጻፈም፤ ስለዚህ ደራሲ አይደለም» ይሉ ይሆናል። ይህ መልስ በአገራችን በጣም የተለመደ ስለሆነ አስቀድመው ይዘጋጁበት። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ ያወጣውና ከሕክምና ውጭም ብዙዎች የሚሠሩበት መመሪያ ለደራሲነት አራት መስፈርቶች አሉት፦ በጥናቱ ንድፍ ወይም በመረጃው ማሰባሰብና ትንተና ከፍ ያለ ድርሻ ማበርከት፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራተኛው እ.ኤ.አ. በ2013 የተጨመረ ነው። አንድ ሰው ደራሲ ለመባል አራቱንም ማሟላት አለበት። ነገር ግን ያው መመሪያ መስፈርቶቹ ሰውን ለማስቀረት እንዳይውሉ በግልጽ ይከለክላል፤ የመጀመሪያውን መስፈርት ያሟላ ሰው በመጻፉና በማጽደቁ እንዲሳተፍ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ይላል። ልጁ እንዲጽፍ ሳይጠሩት «አልጻፈም» ማለት አይቻልም። ይህችን አንቀጽ ስንቶቹ የእኛ አማካሪዎች ቢያነቧት ስንት ቅያሜ ባልኖረ ነበር።

ለደራሲው የሚጻፈው ደብዳቤ አጭርና ቀዝቃዛ ይሁን። ስልክ አይደውሉ። ሀዋሳ ሰው ከሰው የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ፒያሳ ካፌ ውስጥ፣ ለቅሶ ላይ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሲራመዱ መገናኘትዎ አይቀርም። ሰላምታውን በሙሉ አክብሮት ይስጡ፤ ጉዳዩ ከተነሣ ግን «እርሱን በጽሑፍ ብናደርገው» ይበሉ። በቃል የተባለ ነገር በሦስተኛው ቀን ሌላ መልክ ይዞ ይመለሳል። ደብዳቤው ቢሆን ብዬ የማስበው እንዲህ ነው፦

«ክቡር ዶክተር፣ በጆርናላችን ላይ የወጣው ጽሑፍዎ ከአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ጋር ሰፊ መመሳሰል እንዳለው የሚገልጽ ጥያቄ ደርሶናል። የሚመሳሰሉትን ክፍሎች ጎን ለጎን አድርገን አያይዘናል። መረጃው በማን፣ መቼና እንዴት እንደተሰበሰበ፣ የደራሲዎች ዝርዝርም እንዴት እንደተወሰነ በ21 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱን በአክብሮት እንጠይቃለን። ጆርናሉ እስካሁን የደረሰበት ድምዳሜ የለም።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር የምናስገባት እውነት ስለሆነች ነው። መምህርዎ እኛ የማናውቀው ነገር ሊኖራቸው ይችላል። የልጁ ሥራ የትልቅ ፕሮጀክት አካል ሆኖ መረጃው በስምምነት የፕሮጀክቱ ሊሆን ይችላል። ልጁን ፈልገው አድራሻው ጠፍቶባቸው ሊሆን ይችላል። በረቂቁ ላይ የነበረ የምስጋና አንቀጽ በእናንተው ጆርናል ገጽ ቅንብር ላይ ቀርቶ ሊሆንም ይችላል፤ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት መጀመሪያ የራሳችሁን ፋይል ይፈትሹ፦ የመጀመሪያውን ረቂቅ፣ የገምጋሚዎችን አስተያየት፣ ደራሲው የፈረሙትን ቅጽ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ደብዳቤው እንደተላከ ልጁ ይታወቃል፤ ስሙን ባንጠቅስም ከእርሱ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ስለዚህ አስቀድመው ፈቃዱን ይጠይቁት፤ ምን ሊከተል እንደሚችልም በሐቀኝነት ይንገሩት። ከአማካሪው የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠብቅበት ማመልከቻ ካለው፣ ወይም በአንድ ትምህርት ክፍል የሚሠሩ ከሆነ፣ የሚያጣው ነገር ከመምህርዎ ይበልጣል። የእኛ አገር ተማሪ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ስንት ሌሊት እንዳደረ አስባለሁ።

መልስ ቢመጣም ባይመጣም መዝገቡ ይቀጥላል። ደራሲው ካመኑ ነገሩ ፈጥኖ ያልቃል። ከካዱና ማስረጃው ጠንካራ ከሆነ፣ ወይም ዝም ካሉ፣ ጉዳዩ ከነአባሪው ለሚሠሩበት ተቋም ኃላፊ ይላካል፤ እንዲያጣሩና ውጤቱን እንዲያሳውቁ ይጠየቃል። ተቋሙም ዝም ሊል ይችላል። የኮፕ ሠንጠረዥ ለዚህም መልስ አለው፦ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ደጋግሞ መጻፍ። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን የተጻፈ ደብዳቤ ሁሉ የተቋሙ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ስለሚያገኝ አንድ ቀን መልስ ይሻል። ማጣራቱ የሚራዘምና አንባቢ ሊሳሳት የሚችል ከሆነ ጆርናሉ እስከዚያው ጽሑፉ ላይ የሥጋት መግለጫ ያወጣል፤ ማለትም «ይህ ጽሑፍ ጥያቄ ተነሥቶበት በመጣራት ላይ ነው» የሚል አጭር ማሳሰቢያ።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ዓለም አይቶታል። ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከ13ቱ ደራሲዎች አሥሩ ትርጓሜውን ተዉት። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የተሻረው ግን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ነው። በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት ስንት ወላጅ ልጁን ከክትባት አስቀረ! ያው ጆርናል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ከ671 ሆስፒታሎች ተሰበሰበ በተባለ መረጃ ላይ የተመሠረተ የኮቪድ ጽሑፍ አውጥቶ፣ መረጃው ሊረጋገጥ አለመቻሉ ሲታወቅ በወጣ በ13ኛው ቀን ሻረው። የ1998ቱን ጽሑፍ ዛሬም ብንፈልገው ከነሙሉ ቃሉ እናገኘዋለን፤ በገጾቹ ላይ ግን ተሽሯል የሚል ቀይ ማኅተም አርፎበታል። መሻር ማለት ይህ ነው። አብዛኞቻችን ሪትራክሽን የምንለው ነገር ጽሑፉን ማጥፋት ማለት አይደለም፤ ጽሑፉ በቦታው ቆሞ ሁኔታው በግንባሩ ላይ መጻፉ ነው።

መምህርዎም ይህን ቢረዱልን መልካም ነበር፤ የተሻረ ጽሑፍ የተሻረ ሰው አይደለምና። እ.ኤ.አ. የ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ፍራንሲስ አርኖልድ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት አንድ ጽሑፍ ውጤቱ ሊደገም ስላልቻለ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ተሻረ። ራሳቸው በአደባባይ ወጥተው ተናገሩ፣ ይቅርታም ጠየቁ። ሳይንቲስቶች በዚህ ይበልጥ አከበሯቸው። የእርሳቸው የቅን ስሕተት ነበር፤ የመምህርዎ ጉዳይ ከዚያ ይከብድ ይሆናል። ቢሆንም ራሳቸው ቀድመው «የተማሪዬን ስም አስቀርቻለሁ፤ ይታረምልኝ» ብለው ቢጽፉ፣ ማስታወቂያው «በደራሲው ጥያቄ» ብሎ ይጀምራል። የሚላኩት ሽማግሌዎች አንድ ነገር ማድረግ ከቻሉ ይህን ይምከሯቸው። ሽምግልናው ቦታ ካለው እዚህ ላይ ነው።

ማስታወቂያው እርማትም ይሁን መሻሪያ አንዳንድ ግዴታዎች አሉት። የጽሑፉን ርእስና የደራሲውን ስም ይጠቅሳል፣ ማን እንደወሰነ ይናገራል፣ ምክንያቱን በእውነት ብቻ ያስቀምጣል፣ ያለ ክፍያ ለማንም ይነበባል። ስድብም ሽንገላም አይገባበትም። «በአስተዳደራዊ ምክንያት ተነሥቷል» የሚል ማስታወቂያ ማስታወቂያ አይደለም። «የዚህ ጽሑፍ ሠንጠረዥ 2 እና 3 እንዲሁም የውጤት ክፍሉ ቀደም ብሎ ከቀረበ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለ ዕውቅና የተወሰዱ መሆናቸው ስለተረጋገጠ ጆርናሉ ጽሑፉን ሽሯል» ቢባል ይበቃል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ባለቤት ስምና ዓመተ ምሕረትም፣ እርሱ ከፈቀደ፣ ይጠቀስ። ልጁ የለፋበት ነገር የእርሱ መሆኑ የሚጻፈው በዚህች መስመር ነው።

ማስታወቂያው የራሱ ዲኦአይ፣ ማለትም አንድን ጽሑፍ በኢንተርኔት ላይ ለይቶ የሚያሳይ ቋሚ መለያ፣ ይኑረው፤ በሚቀጥለው የታተመ እትም ማውጫ ላይም ይውጣ፤ የወረቀቱን ቅጂ የሚያነቡ አሉና። ጆርናልዎ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በሚሠራው የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን ላይም የሚወጣ ከሆነ ለእነርሱም ይላክ። ዲኦአይ የሚመዘግበው ክሮስሬፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ሪትራክሽን ዋች የተባለውን የተሻሩ ጽሑፎች መረጃ ቋት ገዝቶ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። እንደ ዞተሮ ያሉ የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራሞች ከዚያ ቋት እያነበቡ ተማሪው የተሻረ ጽሑፍ ሊጠቅስ ሲል ያስጠነቅቁታል። ቢሮዬ የመጣችው ተማሪ ይህ ቢኖራት ኖሮ አንድ ዓመት ባልባከነባት ነበር።

ስለ ክስ ያነሡትን ሥጋት በአጭሩ ልለፈው። ማስታወቂያው የተረጋገጠውን ብቻ ከያዘ የሚፈራ ነገር የለውም፤ ከመውጣቱ በፊት ግን የሕግ ክፍል ይየው። ልጁ ደግሞ ከጆርናሉ ውጭ የራሱ መንገድ አለው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው በሥራው ላይ የደራሲነቱን ስም የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያንን መንገድ መውሰድ አለመውሰዱ የእርሱ ውሳኔ ነው፤ እርስዎ አይግፉት፣ አያስቀሩትም።

ወደፊት ለሚመጣው፣ በጽሑፍ ማስገቢያ ቅጻችሁ ላይ አንዲት ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ይህ ሥራ በሙሉም ሆነ በከፊል ከመመረቂያ ጽሑፍ የወጣ ነው? ከሆነ የተማሪው ስምና የጽሑፍ ስምምነት ይያያዝ።» ብዙ አማካሪ ይህችን ሳጥን ሲያይ ስልኩን አንሥቶ ወደ ተማሪው ይደውላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬ የሚሠሩት አንድ ነገር አለ። ደብዳቤው ከደረሰዎ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል፤ ለልጁ መልስ መስጠትዎን አልነገሩኝም። ጉዳዩን ለሌላ አርታኢ እስኪያስተላልፉ ድረስ አይጠብቁ። ዛሬ ማታ ይህን ይጻፉለት፦

«ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ አንብቤዋለሁ። ከደራሲው ጋር የመምህርና ተማሪ ግንኙነት ስለነበረኝ ጉዳዩን ሌላ አርታኢ ይመራዋል፤ ስሙን በዚህ ሳምንት ውስጥ አሳውቅሃለሁ። ያለ ፈቃድህ ደብዳቤህን ለማንም አናሳይም። የመመረቂያ ጽሑፍህን የተቋሙን ቅጂ እናስመጣለን፤ የመስክ ደብተርህ ካለህ አስቀምጠው፣ ለማንም አትስጥ። ውሳኔው ምንም ይሁን ምን በጽሑፍ ይደርስሃል።»